«አዎ፣ አልላክሁም» እና ሌሎች የእንግሊዝኛ ሰዋስው ጥያቄዎች

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው። አማርኛ ባለቤቱንም፣ ተሳቢውንም፣ አንዳንዴ መስተዋድዱንም ግሱ ላይ አጣብቆ ይናገራል። እንግሊዝኛ እያንዳንዱን ለብቻው፣ በተወሰነለት ቦታ ያቆማል። ደንቡን ሸምድዶ የሚያውቅ ሰው እንኳ ሲጽፍ የሚስተው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን እንደ አነጋገራቸው በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ ጮክ ብለው ቢያነቧቸው ይበልጥ ይገባሉ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የሥራ ኃላፊዬ በስልክ «ዲድንት ዩ ሴንድ ዘ ሪፖርት?» አለኝ። አልላክሁም ነበርና «የስ» ብዬ መለስኩ። እሱ ተልኳል ብሎ ዝም አለ፤ ነገሩ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ምን ማለት ነበረብኝ?

መልስ፦ «ኖ»። ሞላ ሲያደርጉት ደግሞ «ኖ፣ አይ ዲድንት»።

በአማርኛ «አልላክህም?» ተብለን «አዎ» ስንል የምንስማማው ከጠያቂው አባባል ጋር ነው፤ «አዎ፣ እንዳልከው አልላክሁም» ማለታችን ነው። የእንግሊዝኛው «የስ» እና «ኖ» ግን ጠያቂው ነገሩን በምን መልክ እንዳቀረበው አይመለከቱም። የሚከተሉት ቀጥሎ የሚመጣውን የእርስዎን ግስ ነው። ድርጊቱ ከተፈጸመ «የስ፣ አይ ዲድ»፣ ካልተፈጸመ «ኖ፣ አይ ዲድንት»። «የስ፣ አይ ዲድንት» ብሎ ማጣመር ስህተት ነው፤ ሰሚውም የቱን ይያዝ ግራ ይገባዋል።

ስለዚህ ጥያቄው ውስጥ ያለችውን «ንት» እንዳልሰሙ ይለፏት። «ዲድንት ዩ ሴንድ?» ሲባሉ «ዲድ ዩ ሴንድ?» እንደተባሉ ቆጥረው ይመልሱ፤ መልሱ በሁለቱም አንድ ነው። በዓረፍተ ነገር ጫፍ ላይ የምትንጠለጠለው ጥያቄም የተለየች አይደለችም። «ዩ ዲድንት ሴንድ ኢት፣ ዲድ ዩ?» ቢባሉም ካልላኩ መልስዎ «ኖ» ነው።

ሁለት ነገር ልማድ ያድርጉ። አንደኛ፣ በአንዲት ቃል ብቻ አይመልሱ፤ አጭሩን ግስ ያስከትሉ። የመጀመሪያዋ ቃል አፍዎን ብታመልጥ እንኳ «አይ ዲድንት» ስትከተል ሰሚው መልሶ ይጠይቅዎታል። ሁለተኛ፣ እርስዎ ጠያቂ ሲሆኑ፣ በተለይ በኢሜይል፣ ጥያቄውን በአሉታ አያቅርቡ። «ዲድ ዩ ሴንድ ኢት?» ብለው ከጠየቁ አሻሚ መልስ አይመጣም።

«ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ኦፕን ዘ ዊንዶው?» የሚለውም ብዙ ሰው ያሰናክላል። የተጠየቁት «መስኮቱን ብከፍት ቅር ይልዎታል?» ተብለው ነው። መፍቀድ ከፈለጉ መልሱ «ኖ፣ ኖት አት ኦል» ነው። «የስ» ካሉ ከልክለዋል።

ጥያቄ፦ መምህሬ «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት ኢት ኢዝ ጉድ» ብዬ በጻፍኩ ቁጥር «ኢት»ን በቀይ ትሰርዝብኛለች። የገዛሁት እኮ እሱን ነው፤ ለምን ይወጣል?

መልስ፦ መምህርትዎ ትክክል ናት። «የገዛሁት መጽሐፍ» ከሚለው የመጀመሪያውን ቃል እንፍታው። «የ» አያያዥ ናት፤ «ገዛ» ግሱ ነው፤ «ሁ» ማለት «እኔ» ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» መጽሐፉን ታመለክታለች። አማርኛ ተሳቢውን ግሱ ጫፍ ላይ በቅጥያ ይደግመዋል። በእንግሊዝኛ የተሳቢውን ሥራ ከፊት የቆመው «ዛት» ጠቅልሎ ስለያዘው ከግሱ በኋላ ያለው ቦታ ባዶ መቅረት አለበት። እርስዎ «ኢት» ሲጨምሩ የ«ት»ን ቅጥያ እየተረጎሙ ነው። ትክክለኛው «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት ኢዝ ጉድ» ነው።

ሲጠራጠሩ እንዲህ ይፈትሹ። በመካከል የገባውን ሐሳብ አውጥተው ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር ያድርጉት፦ «አይ ቦት ዘ ቡክ»። ከዚያ ስሙን ብቻ ያንሱ፦ «አይ ቦት»። የቀረው ምንም ሳይጨመርበት ከ«ዛት» በኋላ ይገባል።

ይኸው መፈተሻ ተቃራኒውን ስህተትም ያወጣል። «የሠራሁበት ቢሮ» ለማለት ብዙዎች «ዘ ኦፊስ ዛት አይ ወርክድ» ብለው ያቆማሉ። በአማርኛ «በት» ግሱ ውስጥ ስለገባች እንግሊዝኛው ላይ የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም። ፈትሹት፦ «አይ ወርክድ ኢን ዘ ኦፊስ»። ስሙ ሲነሳ «አይ ወርክድ ኢን» ይቀራል፤ ስለዚህ «ኢን» የግድ ናት። ትክክለኛ ምርጫዎቹ ሦስት ናቸው፦ «ዘ ኦፊስ ዛት አይ ወርክድ ኢን»፣ «ዘ ኦፊስ ዌር አይ ወርክድ»፣ «ዘ ኦፊስ ኢን ዊች አይ ወርክድ»። «ዌር» ብለው ከጀመሩ መጨረሻ ላይ «ኢን» አይጨምሩ፤ «ዌር» ራሷ «ኢን»ን ይዛለች። «የጻፍኩላት ልጅ» ሲሆንም እንዲሁ «ዘ ገርል አይ ሮት ቱ» ይሆናል፤ «ቱ»ም አትቀርም፣ «ሀር»ም አትጨመርም።

«እናቱ ሐኪም የሆነችው ልጅ» ሲሉ ደግሞ «ሂዝ» እና «ሁ» አንድ ላይ ተዋህደው «ሁዝ» ይሆናሉ፦ «ዘ ቦይ ሁዝ ማዘር ኢዝ ኤ ዶክተር»። «ዘ ቦይ ሁ ሂዝ ማዘር» አይባልም።

«ዛት» መቼ ትቀራለች ለሚለው፦ ከኋላዋ ሌላ ባለቤት ካለ መተው ይቻላል፤ «ዘ ቡክ አይ ቦት» ትክክል ነው። እሷው ባለቤት ከሆነች ግን አትነካም፤ «ዘ ቡክ ዛት ፌል» እንጂ «ዘ ቡክ ፌል» ቢሉ ሌላ ሐሳብ ነው፣ መጽሐፉ ወደቀ ብለው ጨረሱ።

ጥያቄ፦ ዓረፍተ ነገር በመስተዋድድ አይጨረስም ተብዬ ነው የተማርኩት። «ዘ ኦፊስ አይ ወርክድ ኢን» ታዲያ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። ክልከላው ከቋንቋው አሠራር የመጣ አይደለም። ገጣሚው ጆን ድራይደን እ.ኤ.አ. በ1672 ከእሱ በፊት የነበረውን የጸሐፌ ተውኔቱን የቤን ጆንሰንን አጻጻፍ ሲተች ያነሳው ቅሬታ ነው፤ በኋላ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ደንብ አደረጉት። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን ከድራይደን በፊትም ከእሱም በኋላ እንዲህ ሲናገሩ ኖረዋል። «ሁ አር ዩ ቶኪንግ ቱ?» የሚለውን «ቱ ሁም አር ዩ ቶኪንግ?» ብሎ ማስተካከል በንግግር የሚያስከትለው ማድረቅ ብቻ ነው። ለውል፣ ለጥናታዊ ጽሑፍ፣ ለኦፊሴላዊ ደብዳቤ «ኢን ዊች» እና «ቱ ሁም» ይስማማሉ። ከዚያ ውጭ አይጨነቁ። በ«ቱ» እና በግሱ መካከል ተውሳከ ግስ አይገባም የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ «ቱ ክሊርሊ ኤክስፕሌይን» ስህተት አይደለም።

ጥያቄ፦ ፕረዘንት ፐርፌክትና ሲምፕል ፓስት አሁንም ድረስ ይደባለቁብኛል። «አይቻለሁ» ሁልጊዜ «አይ ሃቭ ሲን» ነው? «አየሁ»ስ ሁልጊዜ «አይ ሶው» ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ችግሩም ከዚሁ እኩልነት ይጀምራል። በአማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ብንል ማንም አያርመንም። በእንግሊዝኛ «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» ስህተት ነው። «ሃቭ» ያለበት ግስ ድርጊቱን ከአሁን ጋር ያስራል፤ «የስተርዴይ» ደግሞ ያለፈና የተዘጋ ጊዜ ነው። አብረው አይሄዱም። «የስተርዴይ»፣ «ላስት ዊክ»፣ «ቱ ዴይስ አጎ»፣ «ኢን 2015» ከገቡ፣ ወይም በ«ዌን» ከጠየቁ፣ «ሃቭ»ን ጥለው «አይ ሶው ሂም» ይበሉ። መቼ እንደሆነ ካልተነገረና ቁም ነገሩ አሁን ያለው ውጤት ወይም ልምድ ከሆነ «ሃቭ» ይመጣል፦ «አይ ሃቭ ሲን ዛት ፊልም»።

አሉታው ይብሳል። በአማርኛ «ጨረስኩ» እና «ጨርሻለሁ» ሁለት ናቸው፤ አሉታቸው ግን አንድ ነው፣ «አልጨረስኩም»። ልዩነቱ ይጠፋል። ስለዚህ «አልጨረስኩም» ብለው ወደ እንግሊዝኛ ሲሄዱ አማርኛው ያልጠየቀዎትን ምርጫ መምረጥ አለብዎት። ሥራው አሁንም በእጅዎ ካለ፣ ማለትም «ገና» የሚባል ከሆነ፣ «አይ ሃቭንት ፊኒሽድ ዬት» ነው። ጊዜው ካለፈ፣ ለምሳሌ ትናንት በፈተናው ሰዓት ከሆነ፣ «አይ ዲድንት ፊኒሽ» ነው። ዓረፍተ ነገሩ ላይ «ገና» ጨምረው ይሞክሩት፤ ከተስማማ «ሃቭንት»፣ ካልተስማማ «ዲድንት»።

ሌላው የርዝመት ጉዳይ ነው። «እዚህ የምኖረው ከ2015 ጀምሮ ነው» በአማርኛ የአሁን ጊዜ ግስ ስለሚይዝ «አይ ሊቭ ሂር ሲንስ 2015» ያስብላል። ትክክለኛው «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ሲንስ 2015» ነው። «ሲንስ» የምትፈልገው መነሻ ነጥብን ነው፦ ዓመት፣ ወር፣ ሰኞ፣ ጠዋት። ርዝመት ሲሆን «ፎር» ትገባለች። «ከአምስት ዓመት ጀምሮ» ስለምንል «ሲንስ ፋይቭ ዪርስ» ይቀናናል፤ «ፎር ፋይቭ ዪርስ» ነው መሆን ያለበት። «ሃቭ»ን ዘሎ «አይ ሊቭድ ሂር ፎር ፋይቭ ዪርስ» ማለትም ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ ትርጉሙ ግን አሁን እዚያ አልኖርም ማለት ይሆናል። በሥራ ማመልከቻ ላይ ይህች አንዲት ቃል ትልቅ ልዩነት ታመጣለች፦ «አይ ወርክድ» ያለ ሰው ሥራውን የለቀቀ ነው።

በመጨረሻ፣ አሜሪካውያን «አይ ኦልሬዲ ፊኒሽድ» ሲሉ ቢሰሙ አይደናገሩ። በእነሱ አነጋገር «ኦልሬዲ»፣ «ጀስት» እና «ዬት» ከተራ ኃላፊ ጊዜ ጋር ይሄዳሉ። በብሪታንያ አጻጻፍ ግን «ሃቭ» ይጠበቃል።

ጥያቄ፦ «ኤ» እና «አን»ን በአናባቢ ፊደል ለዩ ይሉናል፤ ታዲያ ዩኒቨርሲቲ በዩ ፊደል ጀምሮ ለምን «አን» አይሆንም?

መልስ፦ የሚወስነው ድምፅ እንጂ ፊደል ስላልሆነ ነው። ለእኛ ደግሞ ጥሩ መለያ አለ፦ ቃሉን እንደሚነገረው በግዕዝ ፊደል ይጻፉት። የመጀመሪያው ፊደል ከአ ቤተሰብ ከሆነ (አ፣ ኡ፣ ኢ፣ ኤ፣ እ፣ ኦ) «አን»፤ ሌላ ማንኛውም ፊደል ከሆነ «ኤ»። ዩኒቨርሲቲ በ«ዩ» ይጀምራል፣ ስለዚህ «ኤ»። ዩሮፒያንም «ኤ»፤ ዋን ዌይ በ«ዋ» ስለሚጀምር «ኤ»። አወርና ኦነስት በላቲን ፊደል ሲጻፉ ከፊታቸው ኤች አለች፤ ስለማትነበብ ግን «አን» ይሆናሉ። አህጽሮትም በዚሁ ይሄዳል፦ «አን ኤምቢኤ»፣ «አን ኤክስሬይ»፣ «ኤ ዩኤን ሪፖርት»። አነባበቡን ብቻ ይጠንቀቁ፤ ዓመት «ዪር» እንጂ «ኢር» አይደለም፣ «አን ኢር» ጆሮ ነው።

ጥያቄ፦ «ካን ዩ ቴል ሚ ዌር ኢዝ ዘ ባንክ?» የሚለው ምኑ ነው የተሳሳተው? ጥያቄ ምልክትም አለው። ሰው የተናገረውን ሳስተላልፍም ሁልጊዜ እታረማለሁ።

መልስ፦ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው፤ ሁለቱም ላይ አንድ ንግግር በሌላው ውስጥ ይገባል።

በእንግሊዝኛ ጥያቄ ሲጠየቅ ግሱ ከባለቤቱ ይቀድማል፦ «ዌር ኢዝ ዘ ባንክ?»። ይህ መገለባበጥ የተፈቀደው ለዋናው ጥያቄ ብቻ ነው። ከፊት «ካን ዩ ቴል ሚ»፣ «አይ ዶንት ኖው» ወይም «አይ ዎንደር» ከገባ ዋናው እሱ ይሆንና ውስጠኛው ወደ ተራ ቅደም ተከተሉ ይመለሳል፦ «ካን ዩ ቴል ሚ ዌር ዘ ባንክ ኢዝ?»። «ዱ»፣ «ዳዝ» እና «ዲድ»ም ይጣላሉ። «አይ ዶንት ኖው ዋት ዳዝ ሂ ዎንት» ሳይሆን «ዋት ሂ ዎንትስ»፤ «ዳዝ» ስትወጣ የያዘቻት ኤስ ወደ ግሱ ትመለሳለች። የጥያቄ ቃል ከሌለ «ኢፍ» ወይም «ዌዘር» ይገባል፦ «አይ ዶንት ኖው ኢፍ ሂ ኬም»።

ንግግር በማስተላለፍ ላይ አማርኛ የተናጋሪውን ቃል እንዳለ ይዞ ያልፋል። «እመጣለሁ አለ» ስንል መጪው እኔ ሳልሆን እሱ ነው። ይህን ቃል በቃል «ሂ ሴድ አይ ዊል ካም» ብለው ቢያስተላልፉ «አንተ ትመጣለህ አለ» የሚል መልእክት ይደርሳል፤ ሰሚው እርስዎን ይጠብቃል። ተውላጠ ስሙን ከእርስዎ አንጻር ይቀይሩ፤ ግሱንም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመልሱ፦ «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ካም»። «ዊል» ወደ «ዉድ»፣ «ኢዝ» ወደ «ዋዝ»፣ «ካን» ወደ «ኩድ»፣ «ዲድ» ወደ «ሃድ ደን» ይሄዳሉ። የተነገረው አሁንም እውነት ከሆነ ሳይመልሱ መተው ይቻላል፦ «ሂ ሴድ ዚ ኤርዝ ኢዝ ራውንድ»።

«አልሄድም አለ» ሲሆን ደግሞ «ሂ ሪፊውዝድ ቱ ጎ» ይበልጥ ያምራል። «መኪናው አልነሳ አለ» ላይ «ሴድ» ጨርሶ አይገባም፤ እንግሊዝኛው «ዘ ካር ዉድንት ስታርት» ነው።

ጥያቄ፦ «ዲስከስ አባውት» ስህተት ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «አባውት» ትመጣለች፤ «ዲስከስ» ግን ተሳቢውን በቀጥታ ይይዛል፦ «ዊ ዲስከስድ ዘ ፕላን»። «ሜንሽን» ላይም «አባውት» የለም፤ «ኤንተር ዘ ሩም» እንጂ «ኤንተር ኢንቱ ዘ ሩም» አይባልም (ውል ሲገቡ ግን «ኤንተር ኢንቱ አን አግሪመንት» ይባላል)፤ «ሪች ዘ ሲቲ» ላይ «ቱ» የለም፤ «ኤምፈሳይዝ» ላይ «ኦን» የለም፤ «ሪተርን» ላይ «ባክ» ትርፍ ናት። «ሜሪድ» ከ«ቱ» ጋር እንጂ ከ«ዊዝ» ጋር አይሄድም። በተቃራኒው «ኤክስፕሌይን ሚ» ጎደሎ ነው፤ «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ» ይበሉ። እዚህ ደንብ የለም። ግሱን ከነመስተዋድዱ እንደ አንድ ቃል ማጥናት ነው ያለው።

ጥያቄ፦ ጽሑፌን ያየ ሁሉ «ኮማ ስፕላይስ» እያለ ያሰምርበታል። ነጠላ ሰረዝ ባስገባሁ ቁጥር ለምን እታረማለሁ?

መልስ፦ ኮማ ብቻዋን ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን መያዝ አትችልም። «ኢት ዋዝ ሌት» ባለቤትም ግስም አለው፣ ሙሉ ነው። «ዊ ዌንት ሆም»ም ሙሉ ነው። ሁለቱን በኮማ ብቻ ካያያዟቸው ኮማ ስፕላይስ ይባላል። መውጫው አራት ነው። ፉል ስቶፕ አድርጎ ሁለት ዓረፍተ ነገር ማድረግ፤ ሴሚኮለን ማስገባት፣ እሷም ከእኛ ድርብ ሰረዝ ጋር ትቀራረባለች፤ ከኮማው በኋላ አያያዥ መጨመር፦ «ኢት ዋዝ ሌት፣ ሶ ዊ ዌንት ሆም»፤ ወይም አንዱን ጥገኛ ማድረግ፦ «ቢኮዝ ኢት ዋዝ ሌት፣ ዊ ዌንት ሆም»።

ከኮማ በኋላ ገብተው ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚይዙት አያያዦች ሰባት ናቸው፦ ፎር፣ አንድ፣ ኖር፣ በት፣ ኦር፣ ዬት፣ ሶ። የላቲን ፊደላቸው መጀመሪያ ሲገጣጠም «ፋንቦይስ» ስለሚል ተማሪዎች በዚያ ይይዟቸዋል። «ሀውኤቨር»፣ «ዜርፎር» እና «ዜን» ከሰባቱ ውስጥ የሉም፤ አብዛኛው ስህተት የሚወለደውም በእነዚህ ነው። «ሀውኤቨር» ትርጉሟ ከ«በት» ጋር ስለሚቀራረብ በቦታው የምትገባ ትመስላለች፤ ነገር ግን ከፊቷ ፉል ስቶፕ ወይም ሴሚኮለን፣ ከኋላዋ ኮማ ያስፈልጋታል።

ለእኛ ስህተቱ የሚደጋገምበት ምክንያት አለ። በአማርኛ «ሥራውን ጨርሶ፣ በሩን ቆልፎ፣ ወደ ቤቱ ሄደ» እያልን ድርጊት በድርጊት ላይ እንቀጥላለን፣ ነጠላ ሰረዝም ይበቃናል። «ጨርሶ» እና «ቆልፎ» ብቻቸውን ዓረፍተ ነገር ስላልሆኑ ችግር የለውም። እንግሊዝኛው ላይ እነዚህን እያንዳንዳቸውን ሙሉ ግስ እያደረግን በኮማ ስናስከትል ነው የሚበላሸው። የመጨረሻው ላይ «አንድ» ጨምሮ ባለቤቱን አንድ ጊዜ ብቻ መጥራት ይበቃል፦ «ሂ ፊኒሽድ ሂዝ ወርክ፣ ሎክድ ዘ ዶር፣ አንድ ዌንት ሆም»።

«ጨርሶ»ን በ«ፊኒሺንግ» ለመተርጎም ከፈለጉ አንድ ጥንቃቄ አለ። አማርኛው ማን እንደጨረሰ በራሱ ይናገራል፦ ጨርሶ፣ ጨርሳ፣ ጨርሼ። «ፊኒሺንግ» ባለቤት የላትም፤ ከኮማው ቀጥሎ የመጣውን ባለቤት ትወስዳለች። «ወደ ቤት ስሄድ ዝናብ ጀመረ» የሚለውን «ዎኪንግ ሆም፣ ዘ ሬይን ስታርትድ» ካሉት ወደ ቤት በእግሩ የሚሄደው ዝናቡ ይሆናል። «ስሄድ» ውስጥ ያለውን «እኔ» መልሰው ያውጡት፦ «አዝ አይ ዋዝ ዎኪንግ ሆም፣ ዘ ሬይን ስታርትድ»። ማመልከቻ ደብዳቤዎችን ስናይ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየን ይህ ስህተት ነው፤ ከመላክዎ በፊት በ«ኢንግ» በሚጨርስ ቃል የሚጀምረውን ሐረግ ሁሉ እየፈለጉ ከኮማው ማዶ ያለውን ባለቤት ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ «ኦልዞው ኢት ሬይንድ፣ በት ዊ ዌንት» ለምን አይባልም?

መልስ፦ «ምንም እንኳ ቢዘንብም ግን ሄድን» በአማርኛ ያስኬዳል፤ በእንግሊዝኛ ለሁለት ሐሳብ አንድ ማያያዣ ይበቃል። «ኦልዞው»ን ወይም «በት»ን ይምረጡ። «ቢኮዝ» እና «ሶ»ም እንዲሁ አብረው አይገቡም። ተቃርኖውን ማጠንከር ከፈለጉ «ኦልዞው ኢት ሬይንድ፣ ዊ ስቲል ዌንት» ይበሉ፤ «ስቲል» ማያያዣ ስላልሆነች ትፈቀዳለች።

ጥያቄ፦ «ኢንፎርሜሽንስ» እና «አድቫይስስ» ብዬ ስጽፍ ኮምፒውተሩ ያሰምርበታል። መረጃዎች፣ ምክሮች አይባልም እንዴ?

መልስ፦ በአማርኛ ይባላል። በእንግሊዝኛ እነዚህ የማይቆጠሩ ስሞች ናቸው፤ ኤስም፣ «ኤ»ም፣ ቁጥርም አይቀበሉም። ከሁሉ የሚያሳስቱት ኢንፎርሜሽን፣ አድቫይስ፣ ኢኩዊፕመንት፣ ፈርኒቸር፣ ለጌጅ፣ ሆምወርክ፣ ኤቪደንስ፣ ፊድባክ እና ኖውሌጅ ናቸው። መቁጠር ግድ ከሆነ «ቱ ፒስስ ኦቭ አድቫይስ» ይባላል፤ «ሰም ኢንፎርሜሽን» ማለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ግሳቸውም ነጠላ ነው፦ «ዚ ኢንፎርሜሽን ኢዝ»። «ኒውስ» በኤስ ብትጨርስም ነጠላ ናት። «መች» እና «ለስ» ከእነዚህ ጋር፣ «ሜኒ» እና «ፊወር» ከሚቆጠሩት ጋር ይሄዳሉ። ጊዜ፣ ገንዘብና ርቀት ላይ ግን ቁጥር ቢኖርም «ለስ» ነው፤ «ለስ ዛን ፋይቭ ማይልስ» ትክክል ነው፣ መጠኑ እንደ አንድ ነገር ስለሚታሰብ።

ጥያቄ፦ «ኤ ነምበር ኦቭ» ሲባል ግሱ ነጠላ ነው ብዙ?

መልስ፦ ብዙ። «ኤ ነምበር ኦቭ ስቱደንትስ አር» ማለት «በርካታ ተማሪዎች» ነው። «ዘ ነምበር ኦቭ ስቱደንትስ ኢዝ» ሲሆን ግን የሚወራው ስለ ቁጥሩ ስለሆነ ነጠላ ይሆናል። በአብዛኞቹ ሌሎች ረጃጅም ባለቤቶች ላይ ከ«ኦቭ» በፊት ያለውን ስም ይከተሉ፦ «ዘ ሊስት ኦቭ ኔምስ ኢዝ»።

ጥያቄ፦ «ባውቅ ኖሮ እነግርህ ነበር» በእንግሊዝኛ እንዴት ነው? «ኢፍ አይ ዉድ ሃቭ ኖን» ብዬ ታረምኩ። ከ«ኢፍ» በኋላ «ዊል»ም አይገባም አሉኝ።

መልስ፦ ሁለቱም እርማቶች ትክክል ናቸው። «ዊል» እና «ዉድ» የሚቀመጡት በውጤቱ በኩል እንጂ በ«ኢፍ» በኩል አይደለም። ወደፊት ሊሆን የሚችል ነገር ሲሆን «ኢፍ ኢት ሬይንስ፣ ዊ ዊል ስቴይ»። አማርኛው «ከዘነበ» ብሎ ያለፈ መልክ ያለው ግስ ስለሚጠቀም «ኢፍ ኢት ሬይንድ፣ ዊ ዊል» የሚሉም አሉ፤ እሱም አይሆንም። «ዌን»፣ «ቢፎር»፣ «አፍተር»፣ «አንቲል» እና «አዝ ሱን አዝ» የሚመሩትም ሐረግ ለወደፊት ጊዜ «ዊል»ን አይቀበልም፦ «ስትመጣ ደውልልኝ» ማለት «ኮል ሚ ዌን ዩ ካም» ነው።

የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ግን በእንግሊዝኛ ሁለት ነው፤ አማርኛው በ«ኖሮ» ሁለቱንም ጠቅልሎ ይዟል። አሁን አላውቅም፣ ስለዚህ አሁን መንገር አልችልም ለማለት «ኢፍ አይ ኒው፣ አይ ዉድ ቴል ዩ»። ያኔ አላወቅሁም ነበር፣ ስለዚህ ያኔ አልነገርኩህም ለማለት «ኢፍ አይ ሃድ ኖን፣ አይ ዉድ ሃቭ ቶልድ ዩ»። ለመለየት፣ ዛሬ ብታውቁ መንገሩ አሁንም ይጠቅማል ወይ ብለው ራስዎን ይጠይቁ። የሚጠቅም ከሆነ የመጀመሪያው ነው። ጊዜው ካለፈ «ሃድ» በአንድ በኩል፣ «ዉድ ሃቭ» በሌላው በኩል ይገባሉ፤ ቦታቸውንም አይቀያየሩም።